ቬንጋ ያለ ይግባ

የጣሊያንኛ ግስ ነገር ሲነሳ ተረበኛ አይጠፋም። አዲስ አበባ ቡና ቤት ይሁን፣ ሮም ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለ የአበሻ ምግብ ቤት፣ ከጥግ ብድግ ብሎ «ይህን ግስ ከምታረባ ከብት ብታረባ አይሻልህም?» የሚል አንድ ሰው አለ።

መልሱ ቅርብ ነው፦ ከብት አርቢ ዘሩን ሳይለይ አያረባም፤ ግስ አርቢም እንደዚያው። ግሱ ሁሉ የሸሸው የሚመስለው ዘሩን ላልለየ ሰው ነው።

ያልተስተካከሉ የሚባሉት የጣሊያንኛ ግሶች ማን መሰሏችሁ? ኤሴሬ (መሆን)፣ አቬሬ (ያለው መሆን)፣ አንዳሬ (መሄድ)፣ ቬኒሬ (መምጣት)፣ ፋሬ (ማድረግ)፣ ዲሬ (ማለት)፣ ሳፔሬ (ማወቅ)፣ ፖቴሬ (መቻል)፣ ቮሌሬ (መፈለግ)፣ ዶቬሬ (ግድ መሆን)። ሰው ያለ እነዚህ ውሎ አያድርም። የጥንቱን መልክ ይዘው የቆዩትም ብዙ ስለሚነገሩ ነው። አልፎ አልፎ የሚነሳውን ግስ ሰው ይረሳውና ወደ ተራው ደንብ ይጎትተዋል፤ በየሰዓቱ አፍ ላይ ያለውን ግን ማንም አይረሳውም። ስለዚህ እነሱን ዘልሎ ጣሊያንኛ መናገር የለም። በሉ፣ ተረቡን ተራ በተራ እንመልስ።

«‹መሄድ› አንዳሬ ነው ብለው አስተማሩኝ። ‹እሄዳለሁ› ስል ግን ቫዶ ሆነ። አንዳሬ የት ገባ?»

ወንድሜ፣ አንተስ ‹መጣ፣ ይመጣል፣ መምጣት› ስትል ውለህ ልጅህን ስትጠራ ‹ና!› ትለው የለም? ‹መጣ› የት ገባ? ‹ነው› የሚለውን ስትክደው ‹አይደለም›፣ ወደ ኋላ ስትወስደው ‹ነበር›፣ ወደ ፊት ስትገፋው ‹ይሆናል› ትላለህ። በአራት መልክ ሲመላለስ ያላዞረህ፣ የጣሊያኑ በሁለት ሥር ሲሄድ ለምን ያዞርሃል?

ደግሞም ለውጡ በዘፈቀደ አይደለም። ቫዶ፣ ቫይ፣ ቫ፣ አንዲያሞ፣ አንዳቴ፣ ቫኖ። በ‹እኔ፣ አንተ፣ እሱ፣ እነሱ› ላይ ከላቲኑ ቫዴሬ የመጣው ሥር ይገባል፤ በ‹እኛ›ና በ‹እናንተ› ላይ አንዳሬ ይመለሳል። ዳኛው የድምፁ ጫና ነው፦ በአራቱ ላይ ጫናው ከግሱ ሥር ላይ ያርፋል፣ በሁለቱ ላይ ወደ መድረሻው ይሄዳል። ኡሺሬን፣ ማለትም መውጣትን፣ ተመልከት፦ ኤስኮ፣ ኤሺ፣ ኤሼ፣ ኡሻሞ፣ ኡሺቴ፣ ኤስኮኖ። ዶቬሬን ተመልከት፦ ዴቮ፣ ዴቪ፣ ዴቬ፣ ዶቢያሞ፣ ዶቬቴ፣ ዴቮኖ። ሦስቱም ‹እኛ›ና ‹እናንተ› ላይ ሲደርሱ ይታጠፋሉ። ሥርዓት የለም ያልከው ሥርዓቱን ሳታይ ነው።

«ስድስት መደብ በየጊዜው! ይህን ሁሉ ማን ይሸከማል?»

አንተ ስምንት ተሸክመህ ነው የምትናገረው። ሄድኩ፣ ሄድክ፣ ሄድሽ፣ ሄደ፣ ሄደች፣ ሄድን፣ ሄዳችሁ፣ ሄዱ፤ ቁጠራቸው። ጣሊያኑ ለእሱም ለእሷም ‹ቫ› ብሎ ሲገላግልህ፣ አማርኛ ‹አንተ›ን ከ‹አንቺ›፣ ‹እሱ›ን ከ‹እሷ› በግሱ ላይ ለይቶ ያስቆጥርሃል። ‹ቫዶ› ብቻውን ዓረፍተ ነገር ነው፤ ‹እሄዳለሁ›ም ብቻውን ዓረፍተ ነገር ነው። ተውላጠ ስም ሳይጠሩ መናገር ለአማርኛ ተናጋሪ የተፈጥሮው ነው።

ጾታ የሚመጣው የኃላፊው ቅጽል ላይ፣ ያውም በብዛት ኤሴሬ ሲረዳው ነው። እሱ ሄዷል ‹ኤ አንዳቶ›፣ እሷ ሄዳለች ‹ኤ አንዳታ›፤ ወንዶቹ ‹ሶኖ አንዳቲ›፣ ሴቶቹ ‹ሶኖ አንዳቴ›። አሠራሩም ባዳህ አይደለም። ‹ሄዷል› ማለት ‹ሄዶ› ላይ ‹አለ› ሲጨመር ነው፤ የራሳችንም ኃላፊ በረዳት ግስ ይቆማል። ‹ሄዶ ነበር› ስትል ደግሞ ጣሊያኑ ‹ኤራ አንዳቶ› ይላል።

«ዲሬ ብለው ሰጡኝ። ‹ዲኮ› ሲሉ ያ ‹ክ› ከየት ዘለለ? ‹ዲቼቮ› ሲሉስ ያ ‹ቼ› ማን ጋ ተደብቆ ነበር?»

‹አለ› ውስጥ ‹ብ› የት ተደብቆ ነበር? ‹አለ፣ ይላል› ስትል የለም፤ ‹በል፣ ብሎ› ስትል ከተፍ ይላል። የግእዙን ‹ብህለ› ብትጠይቀው ‹ብ› ከጥንት የቤቱ ልጅ መሆኑን ይነግርሃል። የጣሊያንኛውም ታሪክ ይኸው ነው። ዲሬ የተቋጠረው ከላቲኑ ዲኬሬ፣ ፋሬ ከፋኬሬ ነው። ቤሬም (መጠጣት) ከድሮው ቤቬሬ አጥሮ የመጣ ነው። የግሱ መነሻ አጠረ እንጂ ዘሩ አልጠፋም። ኢምፔርፌቶ የሚሉት ያልተፈጸመ ኃላፊ ረጅሙን ሥር ጠብቆ አኑሮታል፦ ዲቼቮ፣ ፋቼቮ፣ ቤቬቮ። ያን ሥር አንዴ ከያዝከው ኢምፔርፌቶ ከሁሉም ገር ነው፤ ከኤሴሬ ‹ኤሮ› በቀር የሚያስደነግጥህ ነገር የለውም።

«እሺ፣ ሥርዓት ይኑረው። ግን ሁሉንም በቃሌ ልያዝ?»

ሁሉንም ያዝ ያለህ የለም። የቅኔ ቤት ተማሪ በሺህ የሚቆጠር የግእዝ ግስ እንዴት ይዘልቃል? አርእስተ ግስ አሉ፦ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ተንበለ፣ ባረከ፣ ማኅረከ፣ ሴሰየ፣ ክህለ፣ ጦመረ። ስምንቱ አለቆች ናቸው፣ የቀረው ሠራዊት ሆኖ ይከተላል። ጣሊያንኛ ላይም አለቃውን ያዝ፣ ሠራዊቱ ይመጣልሃል።

ፖሬ (ማኖር) አለቃ ነው፦ ፖንጎ፣ ፖዚ፣ ፖስቶ፣ ፖሮ። ፕሮፖሬ፣ ኮምፖሬ፣ ኢምፖሬ፣ ኦፖሬ፣ ሱፖሬ፣ ኤስፖሬ፣ ዲስፖሬ ሁሉም እሱን ይከተላሉ። ፖንጎን ያወቀ ፕሮፖንጎን ያውቃል። ቴኔሬ (መያዝ) አለቃ ነው፦ ቴንጎ፣ ቴኒ፣ ቴኑቶ፣ ቴሮ፤ ማንቴኔሬ፣ ኦቴኔሬ፣ ኮንቴኔሬ፣ ሶስቴኔሬ ከኋላው ናቸው። በ‹ዱሬ› የሚጨርሱት ደግሞ ትራዱሬን (መተርጎም) ይዘው ይነዳሉ፦ ትራዱኮ፣ ትራዱሲ፣ ትራዶቶ። ፕሮዱሬ፣ ሪዱሬ፣ ኮንዱሬ፣ ኢንትሮዱሬ ከዚህ አይወጡም።

በአንዱ ግስ ውስጥም ቢሆን ጊዜያቱ እርስ በርሳቸው ይወላለዳሉ። ኮንጁንቲቮ የሚሉትን፣ የግእዝ መምህራን ‹ዘንድ አንቀጽ› የሚሉትን ዓይነት፣ ከአሁኑ ጊዜ ‹እኔ› ታገኘዋለህ፦ ቬንጎ ካልክ ቬንጋ፣ ፋቾ ካልክ ፋቻ፣ ዲኮ ካልክ ዲካ፣ ፖሶ ካልክ ፖሳ፣ ኤስኮ ካልክ ኤስካ። ከዚህ መንገድ በእርግጥ የወጡትን በጣት ትቆጥራቸዋለህ፦ ሲያ፣ አቢያ፣ ሳፒያ፣ ዲያ፣ ስቲያ። የኢምፔርፌቶውን ኮንጁንቲቮ ከፓሳቶ ሬሞቶ (ከሩቁ ኃላፊ) ‹አንተ› ታገኘዋለህ፦ ፋቼስቲ ካለህ ፋቼሲ፣ ፎስቲ ካለህ ፎሲ፣ ዴስቲ ካለህ ዴሲ። ‹ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር› የሚባልበትን ኮንዲሲዮናሌን ደግሞ ከትንቢቱ ታወጣዋለህ፦ ቬሮ ካልክ ቬሬይ፣ አንድሮ ካልክ አንድሬይ፣ ሳሮ ካልክ ሳሬይ። መነሻዎቹን ያዝ፤ የቀረውን ራስህ ታወርደዋለህ።

«ቬሬሞ ‹እንመጣለን›፣ ቬሬሞ ‹እንመጣ ነበር›! ሁለቱን በምን ልለያቸው?»

በጆሮህ። የመጀመሪያው ‹ሞ› ላልቶ፣ ሁለተኛው ጠብቆ ነው። ይህን ልዩነት ለመስማት ብዙ የውጭ ሰው ዓመት ይፈጅበታል። አንተ ግን ‹አለ› ላልቶ ‹ተናገረ›፣ ‹አለ› ጠብቆ ‹ይገኛል› መሆኑን በሕፃንነትህ ጨርሰሃል። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አይጽፍም፣ ጆሮአችን ግን አይስትም። ሳሬሞ፣ ፋሬሞ፣ አንድሬሞ፣ ሁሉም በዚሁ ጥብቀት ‹እናደርጋለን›ን ከ‹እናደርግ ነበር› ይለያሉ። ‹ስጠኝ› ዳሚ፣ ‹ንገረኝ› ዲሚ፣ ‹አድርግልኝ› ፋሚ ሲሉም ‹ሚ› ይጠብቃል፤ ምክንያቱም ዳ፣ ዲ፣ ፋ፣ ስታ፣ ቫ የሚባሉት አጫጭር ትእዛዞች ተከታያቸውን ያጠብቃሉ። ጣሊያንኛ እንደ አማርኛ ተናጋሪ ያለ ጆሮ ነው የሚፈልገው፤ ባለጸጋው በደሃ ዜማ አይማረር።

«‹ሂድ› ቫ፣ ‹አትሂድ› ኖን አንዳሬ። ሲከለክሉ ለምን ሌላ ግስ ያመጣሉ?»

‹ና› ብለህ ጠርተህ ስትከለክል ‹አትና› አትልም፤ ‹አትምጣ› ትላለህ። ትእዛዝና ክልከላ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ልብስ አይለብሱም። ጣሊያኑ ለአንድ ቅርብ ሰው ሲከለክል ‹ኖን› ብሎ የግሱን መነሻ ያስከትላል፣ ያውም አንድም ሳይለወጥ። ከትእዛዙ ይልቅ ክልከላው ቀለለ፤ ልታመሰግን ይገባህ ነበር።

«እኔ በ‹ቱ› (አንተ፣ አንቺ) ተግባብቼ እኖራለሁ። ኮንጁንቲቮ የሚባለው የፕሮፌሰሮች ነገር ምን ያደርግልኛል?»

ይህን የምትለው ሮም ውስጥ አረጋዊት የምትጦር እህታችን ናት፤ እዚያ ባዳንቴ ይሏታል። እህትዬ፣ አገርሽ ሳለሽ የሰፈርሽ እማማ ደጅሽ ቢመጡ ‹ግቢ› ትያቸው ነበር? ‹ይግቡ› ነው የምትይው። ይህ ‹ይግቡ› የትእዛዝ መልክ አይደለም፤ ‹ይሁን፣ ይደረግ› ከሚለው ወገን ነው። አንድን ሰው ስናከብር ፊት ለፊት ማዘዝን እንተዋለን። የጣሊያኑም አክብሮት እዚያው ላይ ነው። ለቅርብ ሰው ‹ቪዬኒ›፣ ለሚከበር ‹ቬንጋ›። ለቅርብ ‹ቫ›፣ ለሚከበር ‹ቫዳ›። ለቅርብ ‹ዲ›፣ ለሚከበር ‹ዲካ›። ለቅርብ ‹ፋ›፣ ለሚከበር ‹ፋቻ›። ቬንጋ፣ ቫዳ፣ ዲካ፣ ፋቻ አንድም ሳይቀሩ ኮንጁንቲቮ ናቸው። እኛ ሰውን በብዙ ቁጥር እናከብራለን፣ እነሱ በሦስተኛ መደብ፣ ‹ሌይ› ብለው። የፕሮፌሰር ነገር ያልሽው የጨዋ ልጅ አንደበት ነው፤ ከቤትሽ ይዘሽው የወጣሽው።

እና ሌላም አለ። የምትጦሪያት ሲኞራ አንቺን ‹ቱ› እያለች አንቺ ‹ሌይ› የምትያት ከሆነ፣ ማን ከፍ ማን ዝቅ ብሎ እንደሚታይ ግሱ በየቀኑ ይናገራል። ግሱን ያልተማረ ይህን አይሰማም። የተማረች ግን ሰምታ፣ መዝና፣ ሲገባት ‹እኔንም በሌይ ያናግሩኝ› ማለት ትችላለች። መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ ስለ ሶጆርኖሽ፣ ስለ መኖሪያ ፈቃድሽ፣ ስትጠይቂም ‹ቮልዮ› (እፈልጋለሁ) ብሎ መጀመርና ‹ቮሬይ› (ፈልጌ ነበር) ብሎ መጀመር አንድ አይደለም። አማርኛሽም ‹ፈልጌ ነበር› ብሎ ነው የሚያለዝበው። ዜግነት በነዋሪነት ወይም በጋብቻ ለሚጠይቅም ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕጉ የቢ1 ደረጃ ጣሊያንኛ ይጠይቃል። የሲየናና የፔሩጃ የውጭ ዜጎች ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሮማ ትሬ ዩኒቨርሲቲና የዳንቴ አሊጊየሪ ማኅበር ለዚህ የሚሆን ፈተና ይሰጣሉ። እዚያ ወረቀት ላይ ‹ቱ› ብቻ አያሻግርም።

«ፓሳቶ ሬሞቶ የሞተ ነው። ሚላኖ ማንም አይናገረውም፤ ዝለለው።»

ሚላኖ ጣሊያን ሁሉ አይደለችም። ሰሜኑ በንግግር ‹ኦ ቪስቶ› (አይቻለሁ) ሲል፣ ሲሲሊያ ዛሬ ጠዋት ያየውን ሳይቀር ‹ቪዲ› (አየሁ) የሚል ሰው አለ፤ ቶስካናም ሩቁን ኃላፊ ከአፉ አላወጣውም። ደግሞ መጽሐፍ ገልጠህ ታውቃለህ? ታሪክ የሚጻፈው፣ ተረት የሚተረተው በዚህ ጊዜ ነው። ፒኖኪዮ በ1883 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ሲወጣ ትረካው በሬሞቶ የተነገረ ነው፤ የጣሊያን ሕፃናት የሚያውቁትን ጊዜ አንተ ትልቁ ሰው ‹ሞቷል› ብለህ አትቅበረው።

አስቸጋሪነቱም የተጋነነ ነው። ስክሪቬሬን (መጻፍ) እናርባ፦ ስክሪሲ፣ ስክሪቬስቲ፣ ስክሪሴ፣ ስክሪቬሞ፣ ስክሪቬስቴ፣ ስክሪሴሮ። የሚያምጹት ‹እኔ›፣ ‹እሱ›ና ‹እነሱ› ብቻ ናቸው፤ ‹አንተ›፣ ‹እኛ›ና ‹እናንተ› በደንባቸው ይሄዳሉ። ፕሬንዴሬም (መውሰድ) ያው ነው፦ ፕሬዚ፣ ፕሬንዴስቲ፣ ፕሬዜ፣ ፕሬንዴሞ፣ ፕሬንዴስቴ፣ ፕሬዜሮ። ከብዙ ግስ ላይ አንዷን ‹እኔ› ብቻ ከያዝክ ስድስቱን አገኘህ። ደንቡን እስከ መጨረሻ የሚጥሱት ሦስት ናቸው፦ ኤሴሬ (ፉይ፣ ፎስቲ)፣ ዳሬ (ዲዬዲ፣ ዴስቲ)፣ ስታሬ (ስቴቲ፣ ስቴስቲ)። ለሦስት ግስ ብለህ ሙሉ ጊዜ ልትጥል?

«‹ቢሆን ኖሮ› ለምን ያስፈልጋል? ያለፈ አልፏል።»

እንዲህ የሚል ሰው ተጸጽቶ አያውቅም፣ ለሰውም አዝኖ አያውቅም። ‹ባውቅ ኖሮ እመጣ ነበር›፤ ‹ሴ አቬሲ ሳፑቶ፣ ሳሬይ ቬኑቶ›። ያልተደረገው በኮንጁንቲቮ፣ ይከተል የነበረው በኮንዲሲዮናሌ። እዚህ ላይ ‹ሴ› ብሎ ወዲያው ‹ሳሬይ› የሚል ተማሪ ቅድመ ሁኔታውንና ውጤቱን አደባልቋል። ጣሊያኖች በሰፈር ወሬ ሁለቱንም በኢምፔርፌቶ ‹ሴ ሳፔቮ ቬኒቮ› ብለው ይጨርሱታል፤ የእኛም ‹እመጣ ነበር› ካልተፈጸመው ጊዜ የተሠራ ስለሆነ ለአማርኛ ጆሮ ይቀርባል። ፈተናና ማመልከቻ ላይ ግን ሙሉውን ጻፍ። ይቅርታ ጠያቂም፣ መካሪም፣ ሐዘንተኛም የሚናገረው በዚህ ግስ ነው፤ የሌለው ሰው ሐዘኑን በምልክት ያስረዳ።

«ጣሊያኖቹ ራሳቸው ይሳሳቱበታል። ባለቤቱ ያልቻለውን እኔ ልቻል?»

ይሳሳታሉ፤ እውነት ነው። ‹ቫዳ› ማለት ሲገባ ‹ቫዲ› የሚል አለ፤ በ‹አሬ› የሚጨርሱት ግሶች ኮንጁንቲቮአቸውን በ‹ኢ› ስለሚዘጉ አንዳሬም እንደነሱ ይመስለዋል። በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣው የፓኦሎ ቪላጆ ፊልም ፋንቶጺ እንዲህ ባለው የተሳሳተ ኮንጁንቲቮ አገር አሳቀ። የሳቁት ግን ትክክሉን ስለሚያውቁ ነው።

ደግሞ ከየት ተነስተው እዚህ እንደደረሱ እወቅ። የቋንቋ ሊቁ ቱሊዮ ዴ ማውሮ በ1963 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የቋንቋ ታሪክ እንደገመተው፣ አገሪቱ በ1861 እ.ኤ.አ. ስትዋሐድ ጣሊያንኛ የሚናገረው ከመቶ 2.5 ያህል ሰው ብቻ ነበር፤ ሌሎች ምሁራን ቁጥሩን ከፍ ቢያደርጉትም ብዙኃኑ በየአውራጃው ቋንቋ ይናገር እንደነበር አይካካዱም። ከ1960 እስከ 1968 እ.ኤ.አ. ደግሞ መምህር አልቤርቶ ማንዚ በራይ ቴሌቪዥን ቀርቦ ፊደል ያልቆጠሩ ጎልማሶችን ማንበብና መጻፍ አስተማረ። የፕሮግራሙ ስም ‹መቼም አይረፍድም› የሚል ትርጉም ነበረው። ቋንቋውን ከእናቱ ጡት ሳይሆን ከጥቁር ሰሌዳ የተማረ የጣሊያን ገበሬ ከቻለ፣ አንተ የማትችልበትን ምክንያት ንገረኝ።

«ልጄ፣ ጣሊያንኛ እኮ ድሮም እናውቃለን። መኪና፣ ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ላቫጆ፣ ቦሎ፣ ፌርማታ፣ ሲሚንቶ፣ ፋብሪካ…»

ጋሼ፣ እጅዎን ስሜ ልመልስልዎት። የቆጠሩልኝ ሁሉ ስም ነው። ከመካከላቸው አንድ ግስ ያሳዩኝ። የለም። ስሙ ከመኪናው ጋር ገባ፣ ግሱ ከባለቤቱ ጋር ተመለሰ። በወረራው ዘመንና ከዚያ በኋላ በየሥራ ቦታው የተነገረው የቀለለ ጣሊያንኛም፣ የቋንቋ ምሁራን እንደመዘገቡት፣ ግሱን በየመደቡ አያረባም ነበር። ጌታ ለሠራተኛው ትእዛዝ እንጂ ክርክር አላስተማረም፤ ትእዛዝ ለመቀበል ደግሞ መነሻው ይበቃል። ስም የያዘ ሰው ዕቃ ይገዛል፤ ግስ የያዘ ግን ‹ማን አለ? መቼ አለ? ቢሆን ነው ወይስ ሆኗል?› ብሎ ይሟገታል። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የጣሊያን ባህል ተቋም አለ፣ የጋሊሌዮ ጋሊሌይ ትምህርት ቤት አለ። ለልጅ ልጅዎ ጎማውን አውርሰውታል፤ ግሱንም ይማርበት።

«የጠላት ቋንቋ ነው። ለምን እንማረዋለን?»

ይህ ከሁሉም የከበደው ተረብ ነው፤ የሚናገረው ሰው ቁስል አለበትና በቀልድ አናልፈውም።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሆነውን ጭፍጨፋ፣ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ በደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ላይ የተፈጸመውን የሚናገረው የገዳዩ ወገን ወረቀት የተጻፈው በጣሊያንኛ ነው። የጣሊያኑ እንደራሴ የግራዚያኒ ሰነዶች ሮም በመንግሥት ማዕከላዊ መዝገብ ቤት ተቀምጠዋል። እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ደግሞ ግሱ ሁሉን ይወስናል። ኡቺዴሬ፣ መግደል፣ ያልተስተካከለ ግስ ነው። ‹ኡቺዜሮ› ገደሉ። ‹ኡቺዴሞ› ገደልን። ‹ፉሮኖ ኡቺዚ› ተገደሉ። ሦስተኛው ላይ ሟች አለ፣ ገዳይ የለም። ‹ፉሮኖ›ን የማያውቅ አንባቢ ገዳዩ ከዓረፍተ ነገሩ መውጣቱን በምን ያውቃል?

ጣሊያን አገር ውስጥ ‹ኡቺዴሞ› ለማለት ስንት ዓመት ፈጀ? የታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካ ለአሥርት ዓመታት ሰነድ እየጠቀሰ የመርዝ ጋዙን ነገር ሲጽፍ፣ በወጣትነቱ በኢትዮጵያው ዘመቻ የተሰለፈው ታዋቂው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ ይክደው ነበር። በ1996 እ.ኤ.አ. የመከላከያ ሚኒስትሩ ዶሜኒኮ ኮርቾኔ በኢትዮጵያ ላይ የጋዝ ቦምብ መጣሉን በይፋ አመኑ፤ ሞንታኔሊም ተረታ። ያን ክርክር የረታው የሰነዱን ቋንቋ ያነበበ ሰው ነው። እኛም የአያቶቻችንን ጉዳይ በአስተርጓሚ ብቻ የምንከታተል ከሆነ፣ ‹ተገደሉ› ሲሉን ‹ማን ገደለ?› ብለን መልሰን የምንጠይቅበት አንደበት አጣን ማለት ነው። የጠላት ቋንቋ ከሆነ ይበልጥ መማር ነው፤ ያውም ግሱን፣ ያውም ኃላፊውን፣ ያውም ‹እኛ› የሚለውን መደብ።

«ስልኬ ያረባልኛል።»

ስልክህ ቬንጋን ይጽፍልሃል። ማን ፊት እንደቆምክ ግን አያውቅም።

«እሺ ተረታሁ። ከየት ልጀምር?»

ከኤሴሬና ከአቬሬ። ሌሎቹ ሁሉ በተጣመረ ጊዜያቸው በእነዚህ ሁለት ነው የሚቆሙት፤ ስለዚህ በአሁን፣ በኢምፔርፌቶ፣ በትንቢት፣ በሩቅ ኃላፊና በኮንጁንቲቮ ስድስቱንም መደብ ጮክ ብለህ አርባቸው። ቅኔ ቤት ግስ በድምፅ የሚወረደው ለከንቱ አይደለም፤ ዓይን የሳተውን ማጥበቅ ጆሮ ይይዘዋል። ከዚያ አንዳሬ፣ ቬኒሬ፣ ፋሬ፣ ዲሬ፣ ዳሬ፣ ስታሬ። ቀጥሎ ፖቴሬ፣ ቮሌሬ፣ ዶቬሬ፣ ሳፔሬ። ከዚያ አለቆቹን፣ ፖሬን፣ ቴኔሬንና ትራዱሬን፣ ከነሠራዊታቸው።

ሞዶ የሚሏቸው የግስ ሁነታዎች ሰባት ናቸው። ኢንዲካቲቮ ብቻውን ስምንት ጊዜ አለው፣ ኮንጁንቲቮ አራት፣ ኮንዲሲዮናሌ ሁለት። ቁጥሩን ሰምተህ አትሽሽ። እያንዳንዱን ስታረባ በራስህ ኑሮ ላይ አርባው፦ ትናንት ያደረግከውን፣ አሁን የምትመኘውን፣ ባውቅ ኖሮ የምትለውን፣ የምታከብረውን ሰው እንዴት እንደምትጋብዝ። ግስ በባዶ ሰንጠረዥ አይዘልቅም፣ የሚናገረው ነገር ያለው ሰው አፍ ላይ ግን አይጠፋም።

ይህን ያህል ከያዝክ በኋላ ተረብ የወረወረብህን እኛ ጋ አታምጣው፤ ራስህ መልስለት፣ ያውም በጣሊያንኛ፣ ያውም በ‹ሌይ›።